ከአሮጌ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ላይ ፋይል ማውጣት፤ ከብሎኑ እስከ ፊደሉ

አንድ ኮምፒውተር አልነሣ ሲል ባለቤቱ መጀመሪያ የሚለው «ፋይሎቼ ጠፉ» ነው። ብዙ ጊዜ ግን የሞተው ሌላ ዕቃ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ቶሎ የሚቃጠለው ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠው ፓወር ሰፕላዩ ነው፤ አንዳንዴም ዋናውን ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱን፣ ይዞት ይሄዳል፤ ሃርድ ዲስኩ ግን በውስጡ ያለውን ሁሉ እንደያዘ ሊተርፍ ይችላል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ጨርሶ ባይነሣም ዲስኩን ፈትቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በማገናኘት ፋይሎቹን ማውጣት ይቻላል። ሥራው ትዕግሥት እንጂ ትልቅ ሙያ አይጠይቅም፤ ጥፋት የሚመጣውም በአብዛኛው ከችኮላ ነው።

በምሳሌነት የማነሣው የሰፈራችንን እድር ኮምፒውተር ነው። የእድሩ ጸሐፊ የአባላቱን መዝገብ፣ የወር መዋጮውን ሒሳብና የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎቹን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የያዙበት ዴስክቶፕ ለዓመታት አንድ ጥግ ላይ ተቀምጦ ኖሮ፣ ለአንድ የውርስ ጉዳይ የድሮ መዝገብ ሲፈለግ አልነሣ አለ። መጀመሪያ የወሰዱት ወደ አንድ ጥገና ቤት ነበር፤ ጠጋኙ «ፎርማት አድርጌ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ልጫንላችሁ» ሲላቸው ግን ልባቸው ስላልፈቀደ ኮምፒውተሩን ይዘው ወደ እኔ መጡ። እንኳንም መጡ፤ ፎርማት ማለት ዲስኩን አጽድቶ እንደ አዲስ ማዘጋጀት ነውና ያ ቢደረግ ኖሮ የሃያ ዓመት መዝገብ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይበላሽ ነበር።

ዋናው ሕግ

ፋይል በሚወጣበት ዲስክ ላይ ምንም ነገር አይጻፍም። ዊንዶውስ አንድን ፋይል ሲሰርዝ የሚያደርገው፣ ፋይሉ የተቀመጠበት ቦታ ነጻ መሆኑን በመዝገቡ ላይ ማመልከት ብቻ ነው፤ ነገሩ ነዋሪው ከቤቱ ሳይወጣ ስሙ ከቀበሌ መዝገብ እንደተፋቀ ያህል ነው። ይዘቱ ሌላ ፋይል እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ይቆያል፤ ከተጻፈበት በኋላ ግን የትኛውም ሶፍትዌር አይመልሰውም። ዊንዶውስ ደግሞ ሲነሣም ሲሠራም ሳይነግረን ዲስኩ ላይ ብዙ ነገር ይጽፋል። በዚህ ምክንያት አሮጌው ኮምፒውተር አሁንም የሚነሣ ቢሆን እንኳ፣ የሚፈለገው የተሰረዘ ፋይል ከሆነ ኮምፒውተሩን ወዲያውኑ ማጥፋትና ከዚያ በኋላ በዚያ ዲስክ አለማስነሣት ይገባል። የማዳኛ ሶፍትዌሩን እዚያው ዲስክ ላይ መጫንም በብዛት የሚታይ ስሕተት ነው፤ የሚፈልጉት ፋይል ላይ የሚተኛው ራሱ ሶፍትዌሩ ሊሆን ይችላልና።

ከዚሁ ሕግ የሚወጣ አንድ ምክር አለ፤ ኮምፒውተርዎን ለጥገና ከመስጠትዎ በፊት ሃርድ ዲስኩን ፈትተው ቤትዎ ያስቀሩ። ፓወር ሰፕላይ ወይም ስክሪን ለሚቀይር ጠጋኝ ዲስኩ አያስፈልገውም። ማስቀረት ካልቻሉ ደግሞ «ፎርማት እንዳይደረግ» ብለው በወረቀት ላይ ጽፈው ዲስኩ ላይ ይለጥፉ፤ የቃል አደራ ኮምፒውተሩ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ይረሳል።

ዲስኩን ማውጣትና ዓይነቱን ማወቅ

በመጀመሪያ የኤሌክትሪክ ገመዱን ይንቀሉ፤ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውንም ያውጡ። ቀጥሎ የማስነሻ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው በውስጡ የቀረውን ኃይል ያስወጡ፤ ከዚያም በእጅዎ ያለው የማይታይ ኤሌክትሪክ ዲስኩን እንዳይጎዳው የኮምፒውተሩን የብረት አካል ይንኩ። የዴስክቶፕ ሃርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ ከብረት መያዣው ጋር በግራና በቀኝ በአራት ብሎኖች የታሰረ ነው፤ የላፕቶፕ ደግሞ በታች በኩል ባለ ክዳን ሥር ወይም መላው የታች ሽፋን ሲከፈት ይገኛል። ካቻቢቴውን ከማንሣትዎ በፊት የውስጡን አቀማመጥ በስልክዎ ፎቶ ያንሡት።

የዴስክቶፕ ዲስክ ባለ 3.5 ኢንች፣ የላፕቶፕ ደግሞ ባለ 2.5 ኢንች የሚባለው ነው። ሁለቱም በሁለት ዓይነት መሰኪያ ይመጣሉ። ሳታ የሚባለው ገበያ ላይ የወጣው በ2003 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ጠፍጣፋና ጫፋቸው የታጠፈ ሁለት መሰኪያዎች አሉት፤ አጭሩ ለመረጃ፣ ረጅሙ ለኃይል ነው። ከዚያ በፊት የነበረው አይዲኢ በሁለት ረድፍ የቆሙ መርፌ መሰል እግሮች አሉት፤ በዴስክቶፕ ዲስክ ላይ 40፣ በላፕቶፕ ዲስክ ላይ ደግሞ ኃይሉም በዚያው ስለሚያልፍ 44 ናቸው። የእድሩ ዲስክ 40 ጊጋባይት የሚይዝ አይዲኢ ነበር። እንዲህ ያለውን ዲስክ ሲሰኩ ገመዱን በኃይል አይግፉ፤ አንድ እግር ከታጠፈ ማቃናቱ ቀርቶ መስበሩ ይቀላል። በገመዱ ዳር ያለው ቀይ መሥመር አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኃይል መሰኪያው በኩል ይውላል። ከጎኑ ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ፣ ጃምፐር የምትባለው፣ በዲስኩ ላይ በተለጠፈው ሥዕል መሠረት «ማስተር» በሚለው ቦታ መሆኗን ያረጋግጡ።

የሚያስፈልገው ዕቃ ሳታንም አይዲኢንም ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር አዳፕተር ነው። ሲገዙ የራሱ ባለ 12 ቮልት ፓወር ያለው መሆኑን ይዩ፤ የዴስክቶፕ ዲስክ 12 ቮልት ስለሚፈልግ በዩኤስቢ 5 ቮልት ብቻ አይዞርም። የላፕቶፕ ዲስክ በ5 ቮልት ይሠራል፤ ይሁንና ያረጀ ከሆነ ከዩኤስቢ የሚያገኘው ኃይል ሊያንሰውና እየተነሣ ሊወድቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ መሰኪያውን ወደ ዩኤስቢ 3 መቀየር ይረዳል።

በውስጡ የሚዞር አካል የሌለው ኤስኤስዲ ከሆነ ጤነኛ ፋይሎችን የማውጣቱ ሥራ አንድ ዓይነት ነው። የተሰረዘን ፋይል መመለስ ግን ተስፋው በጣም የጠበበ ነው፤ ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ያሉ ሲስተሞች የተሰረዘው ቦታ ባዶ እንዲደረግ ለኤስኤስዲው ትእዛዝ ይሰጣሉ።

በመጀመሪያ ያዳምጡት

ዲስኩን እንደሰኩ ፋይል ለመክፈት አይቸኩሉ። መዳፍዎን በእርጋታ ላዩ ላይ አድርገው ለአንድ ደቂቃ ያህል ያዳምጡ። ጤነኛ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ እየዞረ ወጥ የሆነ ለስላሳ ድምፅና ንዝረት ይሰጣል። «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» እያለ በእኩል ልዩነት የሚመላለስ ከሆነ የሚያነብበው ጭንቅላት ተጎድቷል፤ ወዲያውኑ ኃይሉን ይንቀሉ። ደካማ የጢጥታ ድምፅ እያሰማ ሳይዞር የሚቀር ከሆነ ሞተሩ አለዚያም ጭንቅላቱ ተጣብቋል። ምንም ድምፅና ንዝረት ከሌለው ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አዳፕተሩ ነው፤ በሌላ አዳፕተር ይሞክሩት፤ ያም ካልሠራ የዲስኩ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ተቃጥሏል ማለት ነው ብሎ መገመት ይቻላል።

ቀጭ የሚል ወይም የተጣበቀ ዲስክ ላይ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ የለም። ክዳኑን አይክፈቱ፤ ጭንቅላቱ መረጃውን ከያዘው የሚዞር ክብ ሳህን በላይ የሚንሳፈፍበት ክፍተት ከፀጉር ውፍረት እጅግ ያነሰ በመሆኑ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ሁሉንም ትፍቀዋለች። ፍሪጅ ውስጥ ማስገባትም ከድሮ ጀምሮ የሚወራ ምክር ነው፤ ዲስኩ ሲወጣ በውስጡ ጤዛ ስለሚቋጥር ጉዳቱን ያብሰዋል። ከተመሳሳይ ዲስክ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳውን ፈትቶ መቀየር በጣም ለቆዩት ይሠራ ነበር፤ በኋላ የመጡት ግን የራሳቸውን ልክ የሚያውቅ ቺፕ ሰሌዳቸው ላይ ስላላቸው፣ ቺፑም ካልተዛወረ የሌላ ዲስክ ሰሌዳ አያስነሣቸውም። እንዲህ ያለው ዲስክ ከአቧራ የጸዳ ክፍል ላለው ባለሙያ የሚሰጥ ነው። እስከዚያው ድረስ እየሰኩ አይሞክሩት፤ እያንዳንዱ ሙከራ የባለሙያውን ዕድል ይቀንሳል።

ኮፒ ማድረግ

ድምፁ ደኅና ከሆነና ከሌላው ኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ ከታየ፣ ዊንዶውስ ሦስት ዓይነት ጥያቄ ሊያቀርብ ይችላል። «ዲስኩን ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት ያድርጉት» ካለ «ካንስል» ይበሉ። «ስህተት ስላለ ልጠግነው» ካለም አይፍቀዱለት፤ ጥገናው ዲስኩ ላይ መጻፍን ይጨምራልና። «ይህን ፎልደር ለመክፈት ፈቃድ የለዎትም፣ ልቀጥል?» ሲል ደግሞ በመቀጠልዎ የፈቃድ ለውጥ ዲስኩ ላይ ይጻፋል፤ ለጤነኛ ዲስክ ጉዳቱ ቀላል ነው፣ ለደከመ ዲስክ ግን አልመክርም።

እኔ የምመርጠው መንገድ ኡቡንቱ ሊኑክስን በፍላሽ ላይ አዘጋጅቶ ኮምፒውተሩን በፍላሹ ማስነሣት ነው። ሲነሣ ሳይጭኑት መሞከር የሚለውን ይምረጡ። ነጻ ነው፤ የዊንዶውስን የፈቃድ አጥር አይጠይቅም፤ በአሮጌው ዲስክ ላይ የተኛ ቫይረስም በሊኑክስ ላይ አይነሣም። በውስጡ ያለው «ዲስክስ» የተባለው መሣሪያ የዲስኩን ጤና ያሳያል፤ እዚያ ላይ የተተኩና ለመነበብ አስቸግረው መተካትን የሚጠብቁ ሴክተሮች (ዲስኩ የተከፋፈለባቸው ትንንሽ የመረጃ ቦታዎች) ቁጥር ከዜሮ በላይ ከሆነ ዲስኩ መድከም ጀምሯል።

በዊንዶውስ ኤክስፒ ጊዜ የተጠቃሚው ፋይሎች «ዶክዩመንትስ ኤንድ ሴቲንግስ» በሚለው ፎልደር ውስጥ በተጠቃሚው ስም ሥር ይቀመጡ ነበር፤ ከቪስታ ወዲህ ግን «ዩዘርስ» በሚለው ውስጥ ናቸው። ይሁንና በእኛ አገር ልማድ ብዙ ሰው ሥራውን በቀጥታ በዲ ድራይቭ ላይ ያስቀምጥ ስለነበር ያንን መርሳት አይገባም። የሒሳብ ሥራ በፒችትሪ ይሠራ ከነበረ የድርጅቱን ፎልደር እንዳለ ይውሰዱ፤ መረጃው በብዙ ትንንሽ ፋይሎች የተከፋፈለ ስለሆነ አንዱ ቢጎድል ሊከፈት አይችልም። ቀድሞ መውሰድ ያለብዎት የማይተካውን ነው፤ ሰነድ፣ ሒሳብ፣ ፎቶግራፍ። ፊልምና ዘፈን ከሌላ ቦታ ይገኛል፤ ዲስኩ ግን መቼ እንደሚያቆም አይታወቅም።

ዲስኩ ሲደክም

የእድሩ ዲስክ ሲዞር ድምፁ መልካም ነበር። ሁለተኛውን ፎልደር ኮፒ ሳደርግ ግን የመቁጠሪያው መሥመር ቆመ፤ ዲስኩም «ክርርር» ብሎ ዝም፣ እንደገና «ክርርር» ብሎ ዝም ማለት ጀመረ። ይህ ማለት አንድ የተበላሸ ሴክተር ላይ ደርሶ ደጋግሞ ለማንበብ እየታገለ ነው። በዚህ ጊዜ ፋይል በፋይል መውሰዱን አቁሞ የዲስኩን ሙሉ ምስል፣ ማለትም ባዶው ቦታ ሳይቀር የይዘቱን ሁሉ ቅጂ፣ ወደ አንድ ፋይል መገልበጥ ይሻላል።

ለዚህ የሚሆነው ነጻ ሶፍትዌር ዲዲሬስኪው ይባላል። በመጀመሪያው ዙር በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ በፍጥነት ይገለብጣል፤ የሚያስቸግረውን እየዘለለ ያልፋል፤ ጤነኛው ከተረፈ በኋላ ወደ ተዘለሉት ተመልሶ ይሞክራል። የሠራውንና ያልሠራውን ሁሉ ካርታ በሚባል ፋይል ላይ ስለሚመዘግብ ሥራው ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። መብራት ለሚቆራረጥበት ቦታ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። በእድሩ ዲስክ ላይ ከግማሽ በላይ እንደሄድን መብራት ጠፋ፤ ላፕቶፑ በባትሪ ቢቆይም የዲስኩ አዳፕተር ኃይሉን የሚያገኘው ከግድግዳው ስለነበር ዲስኩ ድንገት ቆመ። መብራቱ ሲመለስ ያንኑ ትእዛዝ ከዚያው ካርታ ጋር ስሰጠው ካቆመበት ቀጠለ። ቢሆንም በድንገት መቆም ለደከመ ዲስክ መልካም ስላልሆነ፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ካለዎት አዳፕተሩን ከእሱ ላይ ይሰኩት።

ምስሉን የሚቀበለው ዲስክ ከአሮጌው ሙሉ መጠን የበለጠ ባዶ ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ የተሞላው ክፍል ጥቂት ቢሆንም ምስሉ ባዶውንም ያካትታል። ተቀባዩ ፋት 32 በተባለው የፎርማት ዓይነት የተዘጋጀ ከሆነም ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ወደ ኤንቲኤፍኤስ ወይም ወደ ኤክስፋት መቀየር አለበት። ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ግን ምንጩንና ተቀባዩን አለማቀያየር ነው፤ ከተቀያየሩ ባዶው ዲስክ በሞላው ላይ ይገለበጣል። የሁለቱንም መጠን፣ ሞዴልና መለያ ቁጥር ከላያቸው ላይ አንብበው በወረቀት ይጻፉ፤ ስክሪኑ ላይ ካለው ጋር ካመሳከሩ በኋላ ብቻ ትእዛዙን ይስጡ። እኔ ይህን ሁልጊዜ ሁለተኛ ሰው አጠገቤ አቁሜ ቁጥሩን ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ በማድረግ እሠራዋለሁ።

በዩኤስቢ 2 በሰከንድ 30 ሜጋባይት ያህል ቢያነብ፣ 40 ጊጋባይት ያለው ጤነኛ ዲስክ በግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ 500 ጊጋባይት ያለው ደግሞ በአምስት ሰዓት ገደማ ያልቃል። የደከመው ግን ቀናት ሊወስድ ይችላል።

ምስሉ ከተገኘ በኋላ አሮጌው ዲስክ ይነቀላል፤ ፍለጋው ሁሉ በምስሉ ላይ ይሆናል። ፓርቲሽኑ (እንደ ዲ ድራይቭ ያለው የዲስኩ ክፍል) ከጠፋ ቴስትዲስክ የተባለው ሶፍትዌር ፈልጎ ሊያገኘው ይችላል፤ በቅርብ የተሰረዙ ፋይሎችንም ከነስማቸው ሊያሳይ ይችላል። የፋይል ሥርዓቱ፣ ማለትም ፋይሎቹ የት እንዳሉ የሚያመለክተው መዝገብ፣ ጨርሶ ከፈረሰ አብሮት የሚመጣው ፎቶሬክ እያንዳንዱን ፋይል በመነሻ ምልክቱ እየለየ ያወጣል፤ ስሙና ፎልደሩ ግን ስለሚጠፋ በሺህ የሚቆጠሩ ባለ ቁጥር ፋይሎች ይቀሩዎታል። ፎቶግራፎች በውስጣቸው የተነሡበትን ቀን ስለሚይዙ በዚያ መደርደር ይቻላል፤ የሰዓት ባትሪው የሞተ ኮምፒውተር ግን የተሳሳተ ቀን ይመዘግብ ስለነበር የፋይልን ቀን እንደ ማስረጃ አይያዙት።

ዲስኩ የዊንዶውስ መቆለፊያ በሆነው በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ባለ 48 አኃዝ የማስከፈቻ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይገኛል። ያለ እሱ የተገለበጠው ምስል አይከፈትም።

ፊደሉም መውጣት አለበት

አሁን ለአማርኛ ሰነዶች ዋና ወደሆነው ጉዳይ ደረስን። የእድሩ መዝገብ ከነሙሉ ስሙ ወጣ፤ በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ግን ከላይ እስከ ታች የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ታየ። ጸሐፊው ፊታቸው ጠቆረ፤ «ተበላሽቷል ማለት ነው?» አሉኝ። አልተበላሸም ነበር።

የግዕዝ ፊደል፣ ለየቋንቋው ፊደል የራሱን መለያ ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ፎንት (የፊደሉን ቅርጽ የያዘ ፋይል) ይዞ የመጣው ደግሞ በቪስታ ከኒያላ ጋር ነው። ከዚያ በፊት፣ በልማድም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በየቢሮው የሚጻፈው እንደ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ፣ አጋፋሪና ብራና ባሉ ሶፍትዌሮች ፎንቶች ነበር። ብዙዎቹ የድሮ ፎንቶች የአማርኛውን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡት ነበር፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደል ነው፣ ዓይን የሚያየው ግን «ሀ» ወይም «ለ» ነው። ስለዚህ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ያው ሰነድ ትርጉም የሌለው ጽሑፍ ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ተበላሽቷል» ብሎ ጤነኛ ፋይል ሲሰርዝ አይቻለሁ፤ ያሳዝናል።

በመሆኑም ከአሮጌው ዲስክ ላይ ሰነዱን ሲወስዱ «ዊንዶውስ» በሚለው ፎልደር ውስጥ ያለውን «ፎንትስ» የተባለውን ፎልደር ሙሉውን አብረው ይውሰዱ። የትኛው ፎንት እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ሰነዱን በወርድ ከፍተው የተዘበራረቀው ጽሑፍ ላይ ጠቅ ያድርጉ፤ ፎንቱ ባይኖርም ስሙ ከላይ ባለው ሳጥን ውስጥ ይታያል። ያንን ስም ካመጡት ፎንቶች መካከል ፈልገው ይጫኑት፤ ወርድን ዘግተው ሲከፍቱ አማርኛው ይመለሳል። አንዳንድ ሶፍትዌሮች ፊደሉ በአንድ ፎንት ስላልበቃቸው በሁለትና ከዚያ በላይ ከፍለውት ነበር፤ ከቃል መካከል አንዳንድ ፊደል ብቻ ሳይነበብ ከቀረ የሚጎድል ሌላ ፎንት አለ ማለት ነው።

ሰነዱ እንደተነበበ፣ ምንም ሳያርሙ ወዲያውኑ ፒዲኤፍ አድርገው ያስቀምጡት፤ ፎንቱ ፒዲኤፉ ውስጥ ሲካተት በየትኛውም ኮምፒውተርና ስልክ ይነበባል። እርማት ከጀመሩ ግን ወርድ በራሱ የሚያደርገው ማስተካከያ ትንሹን የላቲን ፊደል ወደ ትልቁ ሲቀይር አንዱ የአማርኛ ፊደል ወደ ሌላ ይለወጣል፤ ማስተካከያውን ቀድመው ያጥፉት። ከዚያ በኋላ ወደ ዩኒኮድ መቀየሪያ ተጠቅመው ሌላ ቅጂ ያዘጋጁ፤ ዋናውን ፋይል ግን እንዳለ ይተዉት። የተቀየረውን ከፒዲኤፉ ጋር እያመሳከሩ ያንብቡት፤ በተለይ የሰው ስም፣ ቁጥርና ነጠላ ሰረዝ ላይ ስሕተት ይገባል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ በእነዚህ ሰነዶች ውስጥ የአማርኛ ቃል በመጻፍ መፈለግ አይቻልም። ኮምፒውተሩ «እድር» የሚለውን ቃል በዩኒኮድ ይፈልጋል፤ ሰነዱ ውስጥ ግን ያለው ላቲን ነው። ስለዚህ «አልተገኘም» ሲልዎት አይመኑት፤ በፋይል ስምና በዓይነቱ ይፈልጉ። በዚያ ዘመን ስሙ ራሱ በአብዛኛው አማርኛው በላቲን ፊደል ተደርጎ የተጻፈ ነው፤ አጻጻፉም ከጸሐፊ ጸሐፊ ስለሚለያይ ሦስት አራት ዓይነት አድርጎ መሞከር ያስፈልጋል።

ያወጡትን ሁሉ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ያስቀምጡና የሚያስፈልጉትን አንድ በአንድ ከፍተው ይዩ፤ የፋይሉ ስም መታየቱ መከፈቱን አያረጋግጥም። አሮጌው ዲስክም ቀኑና የማን እንደሆነ ተጽፎበት፣ ከእርጥበት ርቆ በወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። የእድሩን መዝገብ ጸሐፊው ከነጭ ፎልደራቸው ካመጧቸው የድሮ የመዋጮ ደረሰኞች ጋር ስም በስም ሲያመሳክሩ አመሹ፤ ለውርሱ ጉዳይ ይፈለግ የነበረው ስም በ1998 ዓ.ም. ዝርዝር፣ በሁለተኛው ገጽ ላይ ተገኘ።